ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ አእምሮውስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። የዛሬው ጽሑፌ የሚነሣው ከዚህ አባባል ነው።

በስደት በምንኖርባቸው አገሮች ሁሉ ከዋሽንግተን እስከ ፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልም እስከ ቴላቪቭ ወላጆቻችን አርጅተዋል። በወጣትነታችን ከአገር የወጣነውም ብንሆን ፀጉራችን ነጭቷል። ዳሌ ይሰበራል፣ የልብ ቧንቧ ይዘጋል፣ ጉልበት በብረት ይቀየራል። ሆስፒታሉ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጸሎት ይደረጋል። ቀዶ ሐኪሙም ከክፍሉ ወጥቶ «ተሳክቷል» ይላል። እልልታው ጋብ ሳይል ግን ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ልጅ ኮሪደር ላይ ቆማ «እናቴ አላወቀችኝም» እያለች ታለቅሳለች። ይህን ታሪክ በተለያየ ስምና በተለያየ ከተማ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ትልቅ ቀዶ ሕክምና በአዛውንት አእምሮ ላይ ስለሚያስከትለው ነገር ሦስት ወገኖች ይናገራሉ፤ ወይም መናገር ሲገባቸው ዝም ይላሉ። ሐኪሞቹ በቅጡ አይነግሩንም። ጋዜጦቹ አጋንነው ይነግሩናል። እኛ ደግሞ ወይ እንደብቀዋለን፣ ወይ በአሉባልታ እንተካዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱንም መተቸት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ጥናቶቹን ተከታትሎ እንዳነበበና ዘመድ እንዳስታመመ ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሁለት የተለያዩ ነገሮች

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ነው። በቀዶ ሕክምናው ማግስት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ይመጣል። በሽተኛው ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የተሰካለትን ቱቦ ይነቅላል። አንድ ሰዓት ደህና ሆኖ በሚቀጥለው ሰዓት ሌላ ሰው ይሆናል። በአማርኛችን «ይቃዣል» የምንለው ይቀርበዋል።

ነገር ግን የማይቃዥ፣ የማይጮህ ዴሊሪየምም አለ። በሽተኛው ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ሲጠሩት ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል፣ ምግብ ይገፋል። ይህ ጸጥተኛው ዓይነት በአዛውንቶች ላይ የተለመደ ነው። ማንንም ስለማይረብሽ ደግሞ ሳይታወቅ ያልፋል። በእኛ ባህል ጨዋ በሽተኛ ማለት አፉን ዘግቶ ሕመሙን የሚችል ነው። ነርሷም ሰውየው ሰላማዊ መሆኑን መዝግባ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ነገር ቀስ ብሎ የሚታየው ነው። ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ቁስሉ ድኖ፣ ከወራት በኋላም ስም ይጠፋዋል፣ ሒሳብ ይከብደዋል፣ ወሬ መከታተል ያቅተዋል። በ2018 የዘርፉ ባለሙያዎች ስያሜዎቹን ሲያስማሙ እስከ 30 ቀን ድረስ ያለውን ድክመት የዘገየ ማገገም ብለው ለይተውታል። ከዚያ አልፎ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የሚታየውን ነው እንደ ችግር የሚመዘግቡት። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አለቀላት» ብሎ መፍረድ እንደማይገባ ይነግረናልና።

ምክንያቱስ? ብዙዎቻችን ጣታችንን የምንቀስረው በማደንዘዣው ላይ ነው። ዛሬ ያለው ዕውቀት ግን ወደ ሌላም አቅጣጫ ይጠቁማል። ሰውነት በቢላዋ ሲቆረጥ እንደ ማንኛውም ትልቅ ጉዳት ቆጥሮ ይቆጣል። ከቁስሉ የሚነሣው ብግነት በደም በኩል ተጉዞ አንጎልንም ይነካል። ጤነኛ ወጣት አንጎል ይህን ይቋቋመዋል። ቀድሞ የደከመው፣ ውስጥ ውስጡን የመርሳት በሽታ የጀመረው፣ ስኳርና ደም ግፊት ቧንቧውን ያጠበቡት አንጎል ግን ይናጋል። በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመም፣ የውኃ ጥም፣ የእንቅልፍ ኪኒንና የማያውቁት ክፍል ሲጨመር ነገሩ ይባባሳል።

2. ጥናቱ የሚለውና ርእሰ ዜናው የሚለው

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1955 ቤድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ማደንዘዣ በአዛውንቶች አእምሮ ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት ጽፎ ነበር። የእርሱም ምክር አዛውንትን ቀዶ ማከም የሚገባው በእርግጥ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ጉዳዩ በሰፊው ሳይፈተሽ ቆየ።

በ1998 በዚያው መጽሔት በበርካታ አገሮች የተካሄደ ጥናት ወጣ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1,218 ሰዎች ከልብ ውጭ ለሆነ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሲገቡ ተፈተኑ። ከሳምንት በኋላ 25.8 በመቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ 9.9 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ድክመት አሳዩ። ይህ ጥናት ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ሰዎች ጋር ስላነጻጸረ ክብደት አለው።

በ2001 ደግሞ ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ የልብ ቧንቧ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 261 ሰዎች የተከታተለ ጥናት ብዙ አነጋገረ። ከሆስፒታል ሲወጡ 53 በመቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ 24 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 42 በመቶ የሚሆኑት አእምሮአቸው ቀንሶ ተገኘ። ርእሰ ዜናው ወዲያው «የልብ ቀዶ ሕክምና አእምሮ ይወስዳል» ሆነ። በእኔ እምነት ትችት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጥናቱ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው የልብ ሕሙማንን ለንጽጽር አላቀረበም። አምስት ዓመት ሙሉ ልቡ የታመመ ሰው፣ ቀዶ ሕክምና ባይደረግለትስ ኖሮ አእምሮው እንዳለ ይቆይ ነበርን? የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠየቁ። በቀዶ ሕክምና የታከሙትን ሳይቀደዱ ከታከሙ የልብ ሕሙማን ጋር ለዓመታት ቢያነጻጽሩ፣ የሁለቱም ወገን መዳከም ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ቢላዋው የተከሰሰበት ወንጀል በአብዛኛው የበሽታው ሥራ ነበር ማለት ነው። ይህኛው ግን የመጀመሪያውን ያህል አልተወራም።

በ2019 በእንግሊዙ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው ጥናት የበለጠ ሚዛናዊ ነው። የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ከ1985 ጀምሮ ከሚከታተለው ዋይትሆል ከተባለው ጥናት 7,532 ሰዎች ተወስደው የአእምሮ ፈተናቸው ለዓመታት ታየ። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው አእምሮው በአማካይ ያረጀው ከአምስት ወር በማይበልጥ ዕድሜ ነው። በስትሮክ ሆስፒታል የገባ ሰው ግን የ13 ዓመት ያህል አርጅቶ ተገኘ። እዚህ ላይ አንባቢ እፎይ ሊል ይችላል። ነገር ግን አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ነገር አለ። ከፍተኛ የአእምሮ መቀነስ የታየው ሆስፒታል ካልገቡት በ2.5 በመቶ፣ ለቀዶ ሕክምና ከገቡት በ5.5 በመቶ፣ ለሌላ ሕመም ከገቡት በ12.7 በመቶ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሆን ያልፋል፣ ጥቂቱ ክፉኛ ይጎዳል፤ አማካዩ ሁለቱን ደምሮ «አምስት ወር» ይላል። ወንዙ በአማካይ እስከ ጉልበት ነው ተብሎ የሚገባበት ሰው እንደሚሰምጥ ሁሉ፣ በአማካይ ቁጥር ብቻ የሚጽናና ቤተሰብም ይታለላል።

ስለ ማደንዘዣውም አንድ ነገር ልጨምር። «ሙሉ ሰመመን ከምትወስድ ወገቧ ላይ ብቻ ትወጋ» የሚል ምክር በየቤቱ ይሰጣል። በ2021 ዳሌያቸው የተሰበረ 1,600 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በወገብ መርፌ፣ ግማሾቹ በሙሉ ሰመመን ታከሙ። ዴሊሪየም የያዛቸው በመጀመሪያው ወገን 20.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 19.7 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። እንግዲህ «ማደንዘዣው አእምሮዋን ወሰደው» የሚለው የቡና ላይ ፍርድ መረጃ አልተገኘለትም።

3. «ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?»

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ሁሉ የቆሙት በፈተና ላይ ነው። ፈተናውስ የማን ነው?

በ1975 የወጣውና በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ባለ 30 ነጥብ አጭር የአእምሮ ፈተና የሚጀምረው በጊዜ ነው። ዓመቱ፣ ወቅቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ዕለቱ፤ አምስት ነጥብ። እንግዲህ በማርች 15 ቀን 2023 አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ስትጠየቅ «2015፣ መጋቢት 6፣ በልግ» ብላ ብትመልስ አንድም አልተሳሳተችም። የፈታኙ ወረቀት ላይ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረች፣ ቀኑ የጠፋባት ሴት ናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው ብትል ደግሞ ሌሊት መሰላት ይባላል።

በዚያው ፈተና አምስት ሆሄ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ወርልድ»ን ከኋላ ወደ ፊት መፊደል አምስት ነጥብ ያሰጣል። አስተርጓሚው «ዓለም» ብሎ ቢተረጉመው በእኛ ፊደል ሦስት ሆሄ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት ነጥቦች ከየት ይምጡ? በ2005 በወጣው የሞንትሪያል ፈተና ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚያሳይ ሰዓት ሣሉ ይባላል። በአማርኛ ሲነገር አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ማለት አመሻሹ ነው። የእጅ ሰዓቱን በፈረንጅ አሞልቶ በአበሻ የሚያነብ ሰው አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ ያደርገዋል። ይህ በሁለት አቆጣጠር የሚያስብ ንቁ አእምሮ ሥራ ሆኖ ሳለ ዜሮ ያሰጠዋል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ዴሊሪየምን ለመለየት የሚሠራበት መንገድም እንዲሁ ነው። አሥር የላቲን ሆሄያት እየተጠሩ «ኤ» ሲባል እጄን ጨብጥ ይባላል። ዳዊት ደግመው ያደጉ፣ የላቲን ሆሄ ግን ያልቆጠሩ አባት ምን ይጨብጡ?

ይህ ለቀልድ የሚነገር የባህል ግጭት ሊመስል ይችላል፤ ግን ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። በ2023 አክስቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዓመቱን ስትጠየቅ በእኛ አቆጣጠር መለሰች፤ አስተርጓሚው በስልክ ቃል በቃል አስተላለፈው። መዝገቡ ላይ ጊዜና ቦታ የማትለይ ተብላ ተጻፈች። በሦስተኛው ቀን እውነተኛው ችግር መጣ። እትዬ ዝም አለች። ጠዋት ጠዋት ዳዊቷን ሳትደግም ውላ የማታውቅ ሴት አንዲት መዝሙር መጀመር አቃታት። ልጇ ለነርሷ ብትነግራት «ስትገባም እንዲሁ ነበረች» የሚል መልስ አገኘች። ደህና በነበረች ጊዜ የታመመች ተብላ ስለተመዘገበች፣ ስትታመም የተለወጠ ነገር አልታይ አለ። ልጇ ተሟግታ በአካል አስተርጓሚ መጥቶ፣ የአረጋውያን ሐኪም ተጠርቶ ሲታይ፣ ማታ ማታ የሚሰጣት የእንቅልፍ መድኃኒት በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የማይመከር ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የሰውነቷም ፈሳሽ አንሷል። መድኃኒቱ ቆመ፣ ፈሳሽ ተሰጣት፣ በአራተኛው ቀን ልጇን በስሟ ጠራች። ተሟጋች ልጅ የሌላቸውስ እናቶች?

አንዳንዱ «ፈተናው ይተርጎም» ሊል ይችላል። መተርጎም ብቻ ግን አይበቃም። ፈተና የሚታመነው ቋንቋውን በሚናገሩ፣ የተማሩም ፊደል ያልቆጠሩም ጤነኛ አዛውንቶች ላይ ተሞክሮ፣ ስንት ነጥብ ጤነኛ ስንት ነጥብ ታማሚ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። በሜኒያፖሊስ ያለ አዛውንት ኑሮ ደግሞ ከጎንደር አዛውንት ኑሮ ይለያል።

4. የራሳችን ገመና

ሆስፒታሉን ብቻ ወቅሶ መቀመጥ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ጥፋቱ በእኛም ቤት አለ።

አንደኛ፣ ለበሽተኛው አንነግርም። «እንዳትደነግጥ» እያልን ሐኪሙ ያለውን አሳጥረን፣ አለስልሰን፣ አንዳንዴም ለውጠን እንተረጉማለን። በሙሉ አእምሮዋ ያለችን እናት ስለ ገዛ ሰውነቷ እንዳትወስን እናደርጋታለን። ሐኪሙ ስለ አእምሮዋ አደጋ ቢናገር እንኳ ቃሉ ከእኛ ጆሮ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ ሲከሰት እንደብቃለን። እናት ማንነታችንን ስታጣ ጠያቂ እንዳይመጣ በሩን እንዘጋለን፤ «አበደች» እንዳይባል። ይህ ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም ለዴሊሪየም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የታወቀ ፊትና የታወቀ ድምፅ ነው። ጸበል የሚወስድም አለ። እምነቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ድንገተኛ መቃዠት ከሥሩ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት መዘዝ ወይም የፈሳሽ ማነስ ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም በዚያው ቀን ማየት አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ከወሬ የሚወለደው እምቢታ ነው። «የእከሌ እናት ተቀዳ አእምሮዋን አጣች» ተብሎ የዳሌ ስብራት ሳይታከም እንዲተው የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ዳሌው ያልተጠገነ አዛውንት አልጋ ላይ ይቀራል። የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት ይከተላል። ሕመሙ ራሱ አእምሮን ያናጋል። አእምሮን ለማዳን ተብሎ ሰውየውም አእምሮውም ይጠፋሉ።

አራተኛ፣ እኛ ብዕር አለን የምንል ሰዎች። ስለ አገራችን ፖለቲካ ቀን ከሌት እንጽፋለን፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን በየከተማው ስንት ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ እያለን ለወላጆቻችን በአማርኛ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አለማደላችን ምን ይባላል? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

5. ምን ይደረግ?

ትችት መፍትሔ ካልጠቆመ እሮሮ ነው። ደግነቱ በዚህ ጉዳይ የሚሠራው ነገር የታወቀና ርካሽ ነው። በ1999 ከዬል የወጣ ጥናት፣ ሆስፒታል በገቡ 852 አዛውንቶች ላይ፣ ቀላል እንክብካቤ ዴሊሪየምን ከ15 ወደ 9.9 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። በ2001 ዳሌያቸው በተሰበረ 126 ሰዎች ላይ የአረጋውያን ሐኪም ከመጀመሪያው እንዲከታተል ሲደረግ ከ50 ወደ 32 በመቶ ወረደ። ሥራው ተአምር የለውም፤ መነጽርና የጆሮ መስሚያ መመለስ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ቶሎ ማስነሣት፣ ሌሊት እንዲተኙ ማድረግ፣ ማነጋገር፣ ጎጂ መድኃኒት መከልከል ነው። ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እላለሁ።

ሀ. ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስለ አእምሮ እንጠይቅ። የልብና የኩላሊት ምርመራ ሲደረግ አእምሮም በአማርኛ፣ በሠለጠነ አስተርጓሚ ፊት ይመዘን። ዓመቱንና ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ እና የ2010ሩ የጤና መድን ሕግ ክፍል 1557 ያስገድዱታል። ልመና አይደለም።

ለ. የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ የሚጠጡት አልኮልም ጭምር፣ ሳይደበቅ ይነገር። ማታ ማታ መጠጥ የለመዱ አባት በድንገት ሲያቋርጡ የሚመጣው መቃዠት ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። እንቅልፍ ለማምጣት የሚሰጡት የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶችና እነ ቫሊየም ለአዛውንት እንደማይመከሩ እያስታወስን «ምንድን ነው የሚሰጣት?» እንበል።

ሐ. ስለ ጾም እንነጋገር። ሐኪሙ ያዘዘው የቅድመ ቀዶ ሕክምና ጾም ሌላ፣ የሃይማኖቱ ጾም ሌላ ነው። ሁለቱ ተደራርበው አዛውንቱ ደርቀው እንዳይገቡ የንስሐ አባታቸው ወይም ኢማማቸው ቀድመው ቢነግሯቸው ይሰሟቸዋል። የሰመመን ሐኪሞች መመሪያ ለአብዛኛው ሰው ውኃ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ይፈቅዳል።

መ. እድሮቻችን ለቅሶ ብቻ አይጠብቁ። ለቀብር የምናዋጣውንና ተራ የምንገባውን ያህል፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሌሊቶች በሽተኛ አጠገብ ተራ እንግባ። ጸጥ ያለውን በሽተኛ በተለይ እናስተውል፤ ልማዱን የሚያውቀው ሐኪሙ ሳይሆን እኛ ነንና።

ሠ. በዩኒቨርሲቲዎችና በሆስፒታሎች ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለኢትዮጵያውያን አዛውንቶች የተመዘነ ፈተና እንዲኖር ከአገር ቤት ባልደረቦቻችሁ ጋር ሥሩ። ከአንድ የምርምር ወረቀት በላይ ዋጋ አለው።

በመጨረሻ ለሐኪሞቹ አንድ ቃል። «ተሳክቷል» የሚለው ዜና አጥንቱ መግጠሙን፣ ቧንቧው መከፈቱን ብቻ ይነግረናል። እኛ ግን ወደ ሆስፒታል ያስገባነው ዳሌ ወይም ልብ አይደለም። የልጅ ልጆቿን ስም የምትጠራ፣ ያገሯን ወሬ የምታወራ፣ የምትመርቅ እናት ነው ያስገባነው። ስለዚህ ስለ ምርቃቷም ይነገረን፤ ከመፈረማችን በፊት።

ቸር ይግጠመን።